የባልቴቷ ፍርስራሽ

እዚህ አሜሪካ ልጄ መንጃ ፈቃድ ባወጣች ሰሞን ቤታችን ያለችው መኪና አንድ ብቻ ነበረች። ባለቤቴን ከከተማው ዳር ኦቤትስ ወዳለው፣ ወደሚሠራበት መጋዘን የሥራ ባልደረባው ይወስደዋል፤ ልጄ መኪናዋን ይዛ ኮሌጅ ትውልና ወደ አስር ሰዓት ግድም መጥታ እኔን ከሥራ ትወስደኛለች። የምሠራው አፐር አርሊንግተን የሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ አንዲት እንግሊዛዊት ባልቴት ቤት ነበር። አሜሪካዊ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያነሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነም። ገላቸውን አጥባቸዋለሁ፣ ሾርባ እሠራላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ። እርስ በርሳችን እንዋደድ ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ልጄ ባልቴቷ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ደጅ ፓርክ አድርጋ ስልኳን እየነካካች ነበር የምትጠብቀኝ። አንድ ቀን በረዶ ሲጥል ባልቴቷ በመስኮት አዩአትና፣ «ልጅቷን ለምን ውጭ ታስቀምጫታለሽ? አስገቢያት እንጂ» አሉኝ። ወጥቼ ጠራኋትና ገባች። በገዛ እጄ ነው ያስገባኋት።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቶ ነበር። ባልቴቷ አልፎ አልፎ ያንን ወረቀት ከካርቶን ጥቅሉ አስወጥተው ሲያዩት መዋል ይወዳሉ። ዳርና ዳሩ እንዳይጠቀለል ኩባያ የምጭንበት እኔ ነኝ። የተወለዱበት መንደር ፕላን መሆኑን ነግረውኛል፤ ለእኔ ግን ትል የሄደበት የመሰለ መስመር ብቻ ነበር፣ ከዚያ በላይ ጠይቄያቸው አላውቅም። ልጄ ጃኬቷን ሳታወልቅ ጎንበስ ብላ አየችና «ምንድን ነው?» አለች።

ባልቴቷ ነገሯት። በመንደራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ በግ የሚግጥበት ሜዳ አለ። አላፊ አግዳሚ ሲያየው ጉብታ ጉብታ ያለው ሣር ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ግን ቤት ነበር። ድሮ የመንደሩ ግማሽ እዚያ ይኖር ነበር፤ ሰው ቀስ በቀስ ለቀቀ፣ ጣሪያው ወደቀ፣ ድንጋዩን ሌላ ቤት የሚሠራ ሁሉ እያነሳ ወሰደው፣ የቀረውን ሣር አለበሰው። በሜዳው ጫፍ የባላባት ቤት ነበር። ከእሱ የተረፈው ዙሪያውን የከበበው የውሃ ቦይ፣ የጎተራው አንድ ግድግዳና ባላባቱ ርግብ ያረባበት የነበረው፣ ጣሪያ የሌለው ክብ የርግብ ቤት ነው። ሜዳው የአባታቸው ነበር። እሳቸው ልጃገረድ ሳሉ አጥኚዎች ሊለኩት ሲመጡ የሜትሩን ጫፍ ይዘው ይቆሙላቸው ነበር፤ በኋላ መሳል ተማሩና ፕላኑን ራሳቸው ሣሉት።

«እቺ ክፍት ቦታ ምንድን ናት?» አለች ልጄ ጣቷን አሳርፋ።

«በር ናት።»

«በር መሆኗን በምን አወቃችሁ?»

«ድንጋዩ መሐሉ ጎድጉዷል። ሰው ሲረግጠው ሲረግጠው አልቆ።»

ልጄ ዝም አለች። ያንን ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ሕፃን ሳለች ጉንዳን ስታይ የምትይዘው ዝምታ ነው። ካደገች ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። «እንሂድ» አልኳት። ዞር ሳትል በእንግሊዝኛ «አንድ ደቂቃ» አለችኝ። ኮቴን አውልቄ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ቤታችን እስክንደርስ አወራች። እኔ ትምህርት እንዴት ነው ስላት «ደህና» ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣት ልጅ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ሰው አገር ጉብታ አወራችኝ። እራት ላይ ለአባቷ ደገመችለት። «በግ የሚግጥበት ሜዳ ነው እኮ የምትነግሪኝ» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀችና እንጀራውን ገፋ አድርጋ የቤቶቹን አቀማመጥ በሶፍት ላይ ሣለችለት።

ከዚያ በኋላ «ደጅ ነኝ» የሚል ቴክስት አልመጣልኝም። ሰዓቷን ጠብቃ መምጣትም ትታ ቀደም ብላ ትመጣ ጀመር። እኔ ወጥ ቤት ሾርባውን ሳማስል የሁለቱ ሳቅ ይሰማኛል። አንድ ቀን ማማሰያዬን እንደያዝኩ ብቅ ብዬ፣ «ምን አሳቃችሁ?» አልኳቸው። ልጄ ባልቴቷን አየቻቸው፤ ባልቴቷ እሷን አዩአት።

«ለማስረዳት ይከብዳል እማ» አለችኝ።

ተመልሼ ሾርባዬን አማሰልኩ። ሾርባውን በሳህን አድርጌ ሳቀርብላቸው ልጄ ተቀብላኝ ናፕኪኑን አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው። የኔ ሥራ ነው። እኔ አንገት ላይ አንድ ቀን ናፕኪን አስራልኝ አታውቅም፤ እርግጥ እኔ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ቅናት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ትምህርቷ እንዳይበደል ነው፣ መኪናዋ በረዶ ላይ እንዳትቆም ነው እያልኩ። መቅናቴን ያወቅኩት ግን በባልቴቷ ብቻ ሳይሆን በመንደሩም ጭምር እንደሆነ ሲገባኝ ነው። በፈራረሰው መንደር። የወደቀ ጎተራ ተለክቶ፣ በክረምት ፎቶ ተነስቶ፣ በበጋ ፎቶ ተነስቶ፣ ጉብታው ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ወረቀት ላይ ሰፍሯል። እኔ የተወለድኩበትን ቤት ሜትር ይዞ የቀረበው ሰው የለም። ወሎ ውስጥ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው። ድንጋይ ቤት ነበር፤ አሁን ቆሞ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ልጄ ከስንት መቶ ዓመት በፊት ሰዎቹ ለቀውት የሄዱት ቤት ስንት በር እንደነበረው ታውቃለች፤ እናቷ የተወለደችበት ስንት ክፍል እንደነበረው ጠይቃ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ እሁድ እኔው ጀመርኩላት። ልብስ እያጣጠፍን ነበር። «የኛም ቤት ድንጋይ ነበር እኮ» አልኳት።

እጇን አቆመች። «እውነት? በሩ ወደየት ነበር የሚያየው?»

አሰብኩ። ጠዋት ፀሐይ የምትገባበትን ላስታውስ ሞከርኩ፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየችኝ፣ ፀሐይዋ ግን አልታየችኝም። «እንጃ» አልኩ።

«ድንጋዩ በጭቃ ነው የተያያዘው ወይስ ደረቁን ነው?»

«እንጃ አልኩሽ እኮ።»

«ፎቶ አለሽ?»

«የለኝም።»

ጥያቄዎቹ የሷ አልነበሩም። የባልቴቷ ናቸው፤ በሩ ወደየት ያያል፣ ድንጋዩ እንዴት ተያያዘ፣ ሁሉንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የተማረችው። የእኔን ቤት በእሳቸው ሜትር ልትለካብኝ መሰለኝ። «ይልቅ ፎጣውን አጣጥፊ» አልኳትና ሌላ ወሬ ጀመርኩ። ያን ቀን አልታወቀኝም እንጂ ጠይቂኝ ስል ቆይቼ ስትጠይቀኝ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ ፋርማሲ ትምህርቷን ትታ አርኪዮሎጂ ልማር ነው አለችን። ባለቤቴ እኔ ካሰብኩት በላይ ቀለል አድርጎ ተቀበላት፤ «ሴትዮሽ ልጃችንን ወሰዷት» ብሎኝ እየሳቀ ወደ ሺፍቱ ሄደ። እኔ አልሳቅኩም። ልጄ ፋርማሲ ትማራለች ብዬ በየለቅሶውና በየሠርጉ አውርቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የባልቴቷን እግር ቅባት እየቀባሁ ሳለ አላስቻለኝም።

«እርስዎ ነዎት የመከሯት?» አልኳቸው።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ትምህርቷ።»

«አልመከርኳትም። ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት።»

«እኔን አልጠየቀችኝም።»

እግራቸውን ከጭኔ ላይ አላነሱም። መስኮቱን እያዩ፣ «የኔ ልጅ ያንን ፕላን አንድ ቀን አይታው አታውቅም» አሉ። ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው የምትኖረው። በየሳምንቱ ስልክ ትደውላለች፤ መድኃኒታቸውን ከእኔ እጅ ካልሆነ አልወስድም ማለታቸውን ስትሰማ ድምፅዋ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። ይህን ሳስብ ልቤ ሊራራ ይገባው ነበር። አልራራም። ሌላኛውን እግራቸውን አንስቼ ቀባሁ።

በጋው ሲገባ ልጄ ወደዚያ መንደር ሄደች። የመንደሩ ሰዎች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሆነው በጎተራው ግድግዳ ሥር ሊቆፍሩ ነበር፤ እዚያ ለሚኖረው ለወንድማቸው ልጅ ኮል አድርገው ማረፊያ ያገኙላት ባልቴቷ ናቸው። ኤርፖርት ሳደርሳት «በየቀኑ እደውልልሻለሁ» አለችኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደወለች። ከዚያ ደከመኝ፣ ኔትወርክ የለም፣ ዝናብ ነው የሚሉ አጫጭር ቴክስቶች ሆኑ።

አንድ ጠዋት ባልቴቷን ከአልጋ አንስቼ ወንበራቸው ላይ ሳስቀምጥ ታብሌታቸው ጮኸ። ልጄ ናት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ታብሌቱን ሁልጊዜ የምይዝላቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ስክሪኑን ወደሳቸው አዙሬ ያዝኩላቸው። እኔ ከኋላ ነኝ። ልጄ አትታየኝም፣ እኔም አልታያትም። የሚታየኝ ልጄን የሚያዩት የባልቴቷ ፊት ብቻ ነው።

«እማ እዚያ ነሽ?» አለች በአማርኛ።

«አለሁ።»

«ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረግኩት። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰች። «የርግብ ቤቱ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ይታይዎታል?»

«ይታየኛል» አሉ ባልቴቷ። «በግድግዳው ላይ ያሉት ቀዳዳዎችስ? የርግቦቹ?»

«ሁሉም አሉ። በሰሜን በኩል ያለው ትንሽ ፈርሷል። ቆይ ላሳይዎት።»

«ቀስ በይ፣ ደፉ ያንሸራትታል።»

«አውቃለሁ፣ ነግረውኛል» አለች ልጄ ስትስቅ። የጫማዋ ድምፅ ይሰማል፤ ሣር ነው፣ ከዚያ ድንጋይ። ነፋስ ይሰማል። የበግ ድምፅም ይሰማል። ባልቴቷ አፋቸውን ከፈት አድርገው ያያሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ ሌላ ሰው ስለሌለ በአንድ እጄ ታብሌቱን እንደያዝኩ በሌላው ጠረግኩላቸው። ክንዴ ዛለ። ልጄ ስለ ጎተራው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለተገኘው የሸክላ ስባሪ ትናገራለች፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መጨረሻ ላይ «ቻው እማ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ስክሪኑ ጠፋ።

ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ክንዴን አሸሁ። «ደህና ናት?» አልኳቸው። ስለ ገዛ ልጄ ሌላ ሰው ጠየቅኩ።

«ደህና ናት። ፀሐይ መትቷታል፤ ትንሽም ከስታለች» አሉ። ከዚያ፣ «በጣም ደስ ብሏታል» አሉኝ። የመጨረሻዋን ባይጨምሩ በወደድኩ።

የተመለሰች ቀን ባለቤቴም ከሥራ ቀርቶ፣ ምግብ ተሠርቶ እየጠበቅናት ነበር። ኤርፖርት ሄጄ ተቀብያት ስንወጣ የመኪናውን ቀበቶ እያሰረች፣ «መጀመሪያ እሳቸው ጋ ደርሰን እንሂድ፤ ይጠብቁኛል» አለች።

«እኛም ጠብቀንሻል» አልኩ።

«ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ እማ።»

ነዳሁ። ምን አደርጋለሁ። ባልቴቷ ፀጉራቸውን ተበጥረው፣ ያን ቀን በእኔ ፈንታ የገባችው ተንከባካቢ ወረቀቱን ዘርግታላቸው ነበር የጠበቁን። ልጄ አቅፋ ሳመቻቸውና ወዲያው ወደ ፕላኑ ሄደች። የተቆፈረውን ቦታ በእርሳስ አሳየቻቸው። ከጎተራው አጠገብ ማንም ያልጠበቀው ትንሽ ክፍል ተገኝቷል፤ መሐሉ ላይ በእሳት የጠቆረ ድንጋይ አለ።

ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«የቱ?»

«እሳት የሚነድበት። ከድንጋይ የተሠራው።»

«ምድጃ ነዋ።»

«ምድጃ» አለች። «አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ስልክ ስትደውል ምን እንደምትቆፍሪ ንገሪኝ ትለኛለች። አንዲት ቃል እንኳ የለኝም፤ ድንጋይ፣ ድንጋይ ብቻ እላታለሁ። ይሄኛውስ? ያለ ጭቃ የተደረደረው?»

«ካብ።»

«በሩ ሥር ያለው፣ የሚረገጠው?»

«ደፍ።»

ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር እየወሰደች ጠየቀችኝ፤ መቃኑን፣ ማገሩን፣ የከብት ማጠጫ ገንዳውን፣ ጎተራውን። አንዳንዱን ቃል ከልጅነቴ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር፤ ሲመጣልኝ ራሴም ገረመኝ። ስትሳሳት አርማታለሁ፣ ትደግመዋለች፤ «ደፍ» የምትለው «ደፋ» እየሆነባት ሁለታችንም ሳቅን።

«ምን እያላችሁ ነው?» አሉ ባልቴቷ።

ልጄ አልሰማቻቸውም። እኔ ሰማኋቸው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ፤ ግን ከአንዳችን ወደ አንዳችን የሚመላለሰው ዓይናቸው መያዣ ያጣ ነበር። ያንን ፊት ከውስጡ አውቀዋለሁ፤ ማማሰያ ይዤ በሩ ላይ የቆምኩ ዕለት የኔ ነበር። ልተረጉምላቸው እችል ነበር። ዝም አልኩ፤ ደስ አለኝም። ይህንን ለመደበቅ አልፈልግም። ከዚያ ልጄ ራሷ ባነነችና ይቅርታ ጠይቃ አንድ በአንድ ተረጎመችላቸው። እሳቸውም «ምድጃ» ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

በመከር ወራት የባልቴቷ ልጅ መጥታ ወደምትኖርበት ስቴት፣ ቤቷ አጠገብ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ወሰደቻቸው። ልብሳቸውን በሻንጣ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ልጅየዋ መድኃኒቱን የምትሰጥበትን መንገድ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ በየትኛው እጅ ኩባያውን እንደሚይዙ፣ ክኒኑን ከምን ጋር እንደሚወስዱ ሁሉንም አሳየኋት። በጥሞና አየችኝ እንጂ ብዙ አልተናገረችም። ፕላናቸውን ይዘውት ሄዱ። ልጄ ለመሰናበት መጥታ ስንመለስ መኪና ውስጥ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም አዝኜ ነበር፤ ስንት ዓመት ገላቸውን ያጠብኩ ሰው ነኝ። ግን የልጄን እንባ ሳይ ለእኔስ እንዲህ ታለቅስ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እጇን ያዝኩላት፤ ሐሳቡን ግን አልነገርኳትም።

ባለፈው በጋ ልጄ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መንደሩ ስትሄድ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። አዲስ ከያዝኩት ሥራ ፈቃድ ጠየቅኩና ሄድኩ። ስሄድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልንቀው ነው የሄድኩት። ቀና ብሎ የሚታይ ነገር የለም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ እርጥብ ሣር፣ በጎች፣ ከሩቅ ሲታይ የተሰበረ ጋን የሚመስለው የርግብ ቤት። ልጄ «እዚህ ግቢ» ብላ በሁለት ጉብታዎች መካከል አሳለፈችኝ። «አሁን ሰው ቤት ውስጥ ነሽ» አለችኝ። ምንም ቤት የለም። ግን ነፋሱ ከጉብታው ማዶ ቀረና ጆሮዬ ሞቀኝ፤ እግሬ ሥር መሬቱ ደልዳላ ነው። ሳላስበው ጫማዬን ሣሩ ላይ ጠረግኩ።

ልጄ ከሌሎቹ ጋር ልትለካ ሄደች፤ ስልኳን እኔ ጋ ትታው ነበር። የርግብ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ እጄን እንዳስገባሁ ስልኩ ጠራ። ባልቴቷ ናቸው፤ ታብሌቱን የምትይዝላቸው ልጃቸው መሆን አለባት፣ ምስሉ ይወዛወዛል።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ልጥራልዎት?»

«አትጥሪያት። የት ነው የቆምሽው?»

ስልኩን አዙሬ አሳየኋቸው። ከዚያ ፕላኑ ላይ የሌለ ነገር ነገሩኝ። አሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ሲቆጧቸው እዚያች ቀዳዳ ሥር፣ እኔ የቆምኩባት ቦታ ላይ ተደብቀው ያለቅሱ እንደነበር፤ እናታቸው ደግሞ የት እንዳሉ እያወቁ የማያውቁ መስለው ሜዳውን እየዞሩ ይጠሯቸው እንደነበር። «ምን ብለው ነበር የሚጠሩዎት?» አልኳቸው። ነገሩኝ። የቤት ስም ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። እኔም እናቴ ስትቆጣኝ የት እገባ እንደነበር ነገርኳቸው። በሩ ወደየት እንደሚያይ አልጠየቁኝም። ረጅም ጊዜ አወራን።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ ሜትሩን እየጠቀለለች መጣች። ማን እንደነበር ከፊቴ አወቀች። «እሳቸው ናቸው? ለምን አልጠራሽኝም?»

«አትጥሪያት አሉኝ።»

ሜትሩን መጠቅለሏን ተወች። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስታወሩ ነበር?»

«ለማስረዳት ይከብዳል» አልኳት፤ ወጥቼ በእርጥቡ ሣር ላይ ወደ መንገዱ ሄድኩ። እሷም ከኋላዬ እየተከተለች፣ በአማርኛ፣ ደጋግማ ጠየቀችኝ።